ሁለት ጊዜ የፈረምኩበት ነገር

ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው ጀርባ፣ በርጩማ ስጠርብ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ፊደሌ አያምርም፤ ግን ይህን ማንም አላጻፈኝም። ስለ ጎረቤቴ ነው። ቅናቴንም እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍኩት ነገሩ ግማሹ ይቀራል።

ጎረቤቴና እኔ ቁርአን ቤት አብረን የቀራን፣ በአንድ ዓመት ሚስት ያገባን፣ አንድ ግድግዳ የምንጋራ ነን። የሱ ልጅ አጋሮ ቡና መጋዘን ይሠራ ነበር። እዚያ ጆንያ የሚዘርፉ፣ አልሰጥም ያለውን በጩቤ የሚወጉ ዱርዬዎች ነበሩ፤ ልጁ ሲዘርፉ አይቶ ፍርድ ቤት መሰከረባቸው። አለቃቸው ትንሽ ታስሮ ወጣ። እንደወጣ ልጁን መንገድ ላይ ጠብቆ በጩቤ ጃኬቱን ቀደደው። ጃኬቱን ነው ያልኩት፤ ቆዳው አልተነካም።

ያን ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጥን፤ እኛ ጋ ጃርሱማ ይባላል። ዋናው ተናጋሪ እኔ ነበርኩ። አጋሮ ድረስ ሄጄ ዱርዬውን ከነአባቱ ይዤ መጣሁ። በግ ታረደ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ዱርዬው ቁርአን ይዞ ከእንግዲህ የጎረቤቴን ልጅም ወገኑንም አልነካም ብሎ ማለ። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። ገበያ ስወጣ ሰው እየቆመ እጄን ይስመኝ ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ ግን መሐላውን አላመነም። በሳምንቱ ጠፋ። መናኸሪያ ያደረሰው የኔ ልጅ ነው፣ በባጃጁ። ከዚያ ስንት አገር ዞሮ ካናዳ ገባ፤ ዱርዬ ይገድለኛል ብሎ ጥገኝነት ጠየቀ።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ከአርብ ሶላት ስንወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ልጅህ እንዴት ነው፣ ብርዱን ለመደው ወይ ይሉታል። እኔን ማን ይጠይቀኛል? የኔን ልጅ በየቀኑ ያዩታል፤ ባጃጅ ላይ ነው። ጎረቤቴ ስልኩን አውጥቶ ልጁ በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ያሳያል። እኔም ከሰው ጋር አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ወላሂ፣ ያ ሁሉ በረዶ ሆዴን ያቃጥለኛል።

ባለፈው ዓመት ወደ ሱቄ መጣ። የልጁ ጠበቃ የሽማግሌዎች ደብዳቤ ጠይቃለች፤ ዱርዬዎቹ እንዳሳደዱት፣ ቢመለስም እንደሚጎዱት የምታውቁ መስክሩ ብላለች አለኝ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ኮምፒዩተር ቤት ሄድን። እሱ ይናገራል፣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ትጽፋለች። ዛቻው ተጻፈ፣ ጩቤው ተጻፈ። እርቁ የለም። የኔ ሥራ የለም።

«ጃርሱማውስ?» አልኩት።

«እሱ ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔ በግማሽ ነገር ላይ አልፈርምም።»

ሁለቱም ደገፉኝ። ጠቡን ጽፎ እርቁን መደበቅ እኛ ጋ ነውር ነው። እሱም ሽማግሌ ፊት አይከራከርም፤ እሺ አለ። ልጅቷም ጉዳዩ በሽማግሌዎች እርቅ በሰላም ተፈጽሟል ብላ ጻፈች። ይቺን ሁለት ጊዜ አስነበብኳትና ፈረምኩ።

በሰላም አለመፈጸሙን ግን አውቅ ነበር። ልጁ በሄደ በአሥራ አምስት ቀኑ፣ ያው የማለው ዱርዬ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የኔን ልጅ አስቁሞ የት አደረስከው አለው። አልናገርም ሲለው ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረው። እኔ ለሰው ባጃጅ ተገልብጦበት ነው አልኩ። የኔ እርቅ ፈረሰ እንዳይባል ነው። ልጄም እጅጌ ረጅም ሸሚዝ እየለበሰ ውሸቴን ተሸከመልኝ።

ከወራት በኋላ ጎረቤቴ ተመልሶ መጣ። ያላለቀ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። የካናዳው ዳኛ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ሽማግሌዎች ካስታረቋቸው የሚያስፈራው ነገር የለም፣ ይመለስ ብሏል። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜም ሊያልቅ ነው።

«ልጄን ያንተ እርቅ ነው የሚመልስብኝ» አለኝ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እሱም እንደኔ ልጁን በየቀኑ ሊያየው ነው፣ ስለ በረዶ የሚጠይቀው ሊያጣ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ለይግባኝ የቀረውን ቀን በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ያ ጩቤ የት እንደደረሰ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አሁንም ግን መሮዬን አንስቼ እንጨቱን መፈልፈል ያዝኩ።

ልጄ ለምሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«አባ፣ እርስዎ ይነግሩታል ወይስ እኔ ልንገረው?»

መፈልፈሌን ቀጠልኩ። ልጄ እጅጌውን ሰብስቦ ለጎረቤቴ ክንዱን አሳየው።

«ማነው?» አለ ጎረቤቴ።

«ጃርሱማ ላይ በጉን የበላው።»

ጎረቤቴ ጠባሳውን በጣቱ ነካው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበኝም፤ እንዳለ ትጽፈዋለህ ወይ ብቻ አለኝ። እጽፋለሁ፣ በእጄ እጽፋለሁ አልኩት። ኮምፒዩተር ቤት አልሄድኩም። እርቁ ፈርሷል፣ ያፈረሰው የማለው ነው፣ የተቆረጠው የኔ ልጅ ነው፣ ፊት የፈረምኩት ውሸት ነው ብዬ በዚህ በማያምር ፊደሌ ጽፌ ፈረምኩ። ጎረቤቴ የልጄን ክንድ በስልኩ አንስቶ አብሮ ላከው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዋረድከን ብለው ተቀየሙኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የሚጠራኝ የለም።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ተምር ይዞ መጣ። ልጁ የመኖሪያ ወረቀት አገኘ። ከኔ በፊት ልጄን አቀፈው።

«አባ፣ ክንዴ ካናዳ ገባ፣ እኔ ቀረሁ» አለ ልጄ። ተሳሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ተምር ግን መልሼ አስቀመጥኩት።

ጎረቤቴን የክንዱን ፎቶ አሳየኝ አልኩት። ስልኩን ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ በበረዶዎቹ መሃል አገኘው።

«መስጊድ በር ላይ ለሰው ስታሳይ ይቺንም አሳይ» አልኩት።

«አሳያለሁ» አለኝ።

እስካሁን አላሳየም። አርብ አርብ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ።