ወላዋይ እንዳይሆን የተባለው ዶማ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ደባርቅ ላይ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ጓድ የእርከን ሥራውን ሊያስጀምሩ ቀይ ጥብጣብ የታሰረለትን አዲስ ዶማ አነሱ። ድንጋያማውን መሬት አንዴ ሲመቱት... ዶማው ቷ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ስባሪው አጠገባቸው በቆመው በቀበሌያችን ካድሬ ጆሮ ግንድ በኩል አለፈ። ልናጨበጭብ ያነሳነው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጥብጣቡን የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። ቀጥሎ ግን ዶማውን የሠራው አያ ታከለ ትዝ አለኝና ከሰዉ መሀል በዓይኔ ፈለግኩት።

አያ ታከለ ቀጥቃጭ ነው፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ አጠገብ ነው የሚሠራው። ሰው ማረሻውን ያሠራዋል፣ ዞር ሲል ግን «ቡዳ» ይለዋል። እሱም ምላሱ ስለት ነው። «እናንተን ከምበላ ብረት ብበላ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ክብደት አለው» ይላቸዋል።

ነገሩ የተበላሸው በዋዜማው ነው። አያ ታከለ ከመኪና ባሌስትራ ዶማውን ቀጥቅጦ፣ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው። ካድሬው ቆሞ ያያል። ከከተማ የተላከ ልጅ እግር ነው፣ ለሁሉም ነገር መፈክር አለው። ብረቱ ተንሿሽቶ ሲጠነክር ደስ አለው። አያ ታከለ መልሶ ወደ ፍሙ ሲያስጠጋው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ጓድ ታከለ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላለዝበው ነዋ። እንዲህ እንደ ደረቀ ከተውኩት ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። ትንሽ ሙቀት ይቅመስና መልኩ ገለባ ሲመስል አወጣዋለሁ።»

«የጠነከረውን መልሰህ ልታለዝብ? ወላዋይ ልታደርገው ነው?»

ከስፌት መኪናዬ ቀና አልኩ... ቀልድ መስሎኝ። ሰውዬው የምሩን ነው።

«አብዮት ወደ ኋላ አይመለስም። ይልቅ ደጅ ይደር፣ ውርጩ የበለጠ ያጠንክረው።»

«ውርጭ አይከፋም ጓዴ፣ እኔም አንዳንዴ አሳድረዋለሁ። ከውርጩ ወዲያ ግን እሳት ይወዳል። ብርድ ብቻ የጠገበ ብረት ኩራት እንጂ ሥራ አይሆነውም።»

«ደጅ ይደር ብያለሁ።»

ደጅ አደረ። የደባርቅን ውርጭ ለማታውቁ... የእንስራ ውሃ ድንጋይ ያደርጋል። ጠዋት ዶማው አመዳይ ለብሶ አገኘነው። እኔም ጥብጣቤን አሰርኩለት።

እና ተሰበረ።

«አሻጥር ነው» አለ ካድሬው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው መግቢያውን እንጂ መውጫውን አያውቅም። የአያ ታከለ ሚስት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዬ ደግሞ አንዱ «በዓይኑ በልቶት ነው» ሲል ሰማሁ። ሰው ሊታሰር ነው፣ እሱ ስለ ቡዳ ያወራል። በጣም ነው የተናደድኩት።

እንግዳው ጓድ ሰባራውን እያገላበጡ «ለምን ተሰበረ?» አሉ።

ሁላችንም አያ ታከለን አየነው። እውነቱን ቢናገር ካድሬውን መክሰስ ነው፣ ዝም ቢል እስር ቤት ነው።

«ጌታዬ...»

«ጓድ በል» አለው ካድሬው።

«ጓድ ጌታዬ፣ አንድ እሳት ጎድሎት ነው። ይፍቀዱልኝና ሌላ ዶማ ፊትዎ ልሥራ። ይሄ ጓድም አጠገቤ ይቁምልኝ፣ ሥራውን እሱም ያውቀዋል።»

ተፈቀደለት። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ የኔም የሱም በር ላይ ተኮለኮለ። አያ ታከለ ቀጠቀጠ፣ አጋለ፣ ነከረ። ከዚያ ብረቱን በጉጠት እንደያዘ ወደ ካድሬው ዞረ።

«ጓዴ፣ አሁንስ... ላለዝበው?»

ካድሬውን ላብ አጠመቀው። አይሆንም ቢል ሁለተኛውም ሊሰበር ነው። ይሁን ቢል ደግሞ በአለቃው ፊት ማለዘብን ፈቀደ ማለት ነው። አያ ታከለ እንደሆነ አይቸኩልም፣ ጉጠቱን ዘርግቶ ይጠብቃል።

ካድሬው በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለዘብ አይባልም። ስልታዊ ማፈግፈግ ነው።»

«እንዲያ በለኛ» አለና አያ ታከለ ብረቱን ፍሙ ላይ አጋደመው።

እንግዳው ጓድ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። ዶማው ሲደርስ ራሳቸው ያዙና የሱቄ ደጃፍ ላይ ያለውን ድንጋይ መቱት። ድንጋዩ ተፈነከተ፣ ዶማው ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ አሻጥር የሚል ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም። ሚስትየዋ እልል አለች። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

አያ ታከለ ግን የካድሬውን «ማፈግፈግ» ወረሳት። እስኪሞት ድረስ፣ ሥራው ሳያልቅ የመጣበትን ገበሬ «ነገ ተመለስ፣ ዶማህ ገና እያፈገፈገ ነው» እያለ ይመልሰው ነበር።