የእትዬ ዘነቡ ስኳር

የልጅ ልጄ ቤዛ ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ደብተር ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «አባባ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። እናቷ ከሥራ የምትገባው ዘግይታ ስለሆነ የትምህርት ቤቱን ወረቀት የምፈርመው እኔ ነኝ። ሳላነብ ግን አልፈርምም። ይሄ ጠባዬ ቤዛን ያበሽቃታል፤ እኔ አንድ ገጽ አንብቤ እስክጨርስ ሌላ ሰው ምሳውን በልቶ እጁን ይታጠባል። ይታጠባ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

ደብተሩ ለሁለት ተከፍሎ ተሰምሯል። በአንዱ በኩል «ዛሬ ምን በላሁ?» ይላል፣ በሌላው በኩል «ዛሬ ራሴን ሳየው» ይላል። ልጆቹ የበሉትንም ያሰቡትንም በየቀኑ እየጻፉ ደህና ጠባይ እንዲለምዱ ነው አሉ። እኔ ክፋት አላየሁበትም። ቤዛ በምግቡ በኩል «ቁርስ፦ ወተት» ብላ ጽፋለች። ወተቱ ግን ጠዋት እናቷ ቀድታ እንዳስቀመጠችው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ላዩ ቆዳ ሠርቷል።

«ይሄን ነው ጠጣሁ ብለሽ የጻፍሽው?»

«ያወፍራል እኮ አባባ።»

«ታዲያ አልጠጣሁም ብለሽ ጻፊያ።»

«እሱማ ነጥብ ያስቀንሳል!»

እየሳቀች ልብስ ልትቀይር ገባች። እኔና ብርጭቆው ቀረን። እኔ ወተት አልጠጣም። ቤት ያሉት ሁሉ ሆዴን አይስማማውም ብለው ነው የሚያውቁት፤ እንዲያ ብዬ የነገርኳቸውም እኔው ነኝ። ውሸቴን ነው።

ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በረንዳው ላይ ወጥቼ ወደ ላፍቶ፣ ወደ ሀና ማርያም ስመለከት ፎቅ እንጂ ሌላ አይታየኝም። እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ እርሻ ነበር። ጤፍ፣ ጓያ፣ ሽምብራ ይዘራበታል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፤ ጫማ ላለው ማለቴ ነው። በዚያ እርሻ መሃል ነበር አዴ ጫልቱ የምትባል ባለላም ሴት ከወንዙ ማዶ ወተት ይዛ የምትመጣው።

ቤታችን ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር አምጥቶን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እናቴ የተቀደደ ጆንያ እየጠቀመች ታሳድገን ነበር፤ እኔም አብሬያት እጠቅማለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ስሜን መጻፍ የቻልኩ ቀን እናቴ ወረቀቱን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ዞራለች። እሷ እስክትሞት ድረስ በጣቷ ነው የፈረመችው።

እኅቴ ሙሉ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። በዓመቱ በጋ ላይ ሳል ጀመራት፣ ከዚያ ደም መጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሳንባዋ ነው ተባለ። መርፌ የሚወጋት ድሬሰር ሽማግሌ ሰው ነበር፤ እናቴን ወደ ጎን አድርጎ የነገራት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«እመቤት፣ መርፌው ብቻውን አያቆማትም። ባዶ ሆድ ላይ መርፌ ምን ይሠራል? ወተት ስጫት። እንቁላል ስጫት። ከራስሽ ጉሮሮ ቀምተሽ ስጫት።»

እናቴ ይሄን እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ግን ከየት ታምጣ? ያን ጊዜ ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ ሳሙናውም ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ ነው፤ ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ተብሎ ይሰፈራል። ወተት በካርድ የለም። አዴ ጫልቱ ደግሞ በገጠሩ ስኳር አጥታ ከብር ይልቅ ስኳር ነበር የምትፈልገው። ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ እኛ ሻይ በጨው እየጠጣን ስኳሯ በሙሉ ለወተት ሆነች። የሦስታችን ስኳር ግን ወሩን አያጋምስም። ቀሪውን የምትሸፍነው እትዬ ዘነቡ ናት።

እትዬ ዘነቡ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ለመስቀል አገር ቤት ብላ ሄዳ እዚያው አረፈች። የተቀበረችው እዚያ ስለሆነ ቀበሌው አላወቀም። እናቴም ስሟን ከካርዱ አላስፋቀችም። ሱቁ በር ላይ በየወሩ አንድ ዓይነት ጨዋታ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነቡስ?» ይላል ሱቅ ሠራተኛው።

«አሉ፣ እግራቸውን አሟቸው ተኝተዋል» ትላለች እናቴ።

«እኚህ ሴትዮ በሽታቸው አይለቃቸው፣ ስኳራቸውን አይለቁ!»

ሰልፈኛው ይስቃል፣ እናቴም ትስቃለች። ሰውየው ያውቅ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። የሚያውቅ ይመስለኛል። የዚያን ጊዜ ሰው አውቆ ዝም የሚለው ብዙ ነበር።

ሙሉ አማረባት። ጉንጯ ሞላ፣ ሳሉም ቀነሰ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ወተቱን አፍልታ በቆርቆሮ ኩባያ ትሰጣታለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጆንያዬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ወስፌዬን እወጋለሁ። ሽታው ግን ይመጣል። የፈላ ወተት ሽታ ለተራበ ሰው ምን እንደሆነ ቤዛ አታውቀውም፣ አትወቀው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ በየሳምንቱ ይረዝማል፣ የበላሁት ቆጮ ሆዴ ሳይደርስ የሚያልቅ ይመስለኛል። ሙሉ ስትጠጣ ጉሮሮዋን አያለሁ።

አሁን ወደ ማልወደው ቦታ ደረስኩ።

የቀበሌያችን ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለሀብት በተወረሰ ግቢ ውስጥ ስብሰባ ነበረን። መቅረት አይቻልም። ከውይይቱ በኋላ ግለ ሂስ የሚሉት ነገር አለ። እያንዳንዱ ተነሥቶ ራሱን መርምሮ ጥፋቱን ይናገራል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ይጨበጨባል። ልጆቹ ብልጦች ነበሩ። «ለልማት ዘመቻ አርፍጄ መጥቻለሁ» ይላል አንዱ። «መፈክር ሲባል አዛግቻለሁ» ትላለች አንዷ። ተናግረው ይቀመጣሉ። እኔ ይሄ አልገባኝም። ጥፋት ተናገር ከተባልኩ እውነተኛ ጥፋት መሆን አለበት ብዬ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ «የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ታምራት የሰፈራችን ልጅ ነው። ትንሽ ሆኖ እኛ ቤት ጎመን በቆጮ እየበላ ነው ያደገው፤ አሁን ካኪ ለብሶ «ጓድ ታምራት» ሆኗል። በሦስተኛው ቅዳሜ ተነሥ አለኝ።

«ጓድ ሽብሩ ዛሬም ጥፋት የለውም?»

«የለኝም።»

«እንግዲህ ታቦት እንቅረጽልህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ቅዱስ ሽብሩ ዘላፍቶ!» አለ፣ እንደገና ሳቁ። እኔ ሲሳቅብኝ አልችልም። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነኝ፣ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ፊቴ ጋለ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ጥፋት አለኝ» አልኩ። «ቤታችን የሞተ ሰው ስኳር ሲበላ ዝም ብያለሁ። እትዬ ዘነቡ ከሞተች ቆይታለች። ስኳሯ በወተት ይለወጣል። ወተቱን የምትጠጣው እኅቴ ናት።»

የታምራት ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ሊያስቆመኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ያየዋል፤ ጸሐፊውም ጽፎ ጨርሷል። ከፍ ያለችው እጅ ማጨብጨብ ጀመረች። ሁሉም አጨበጨበ። «ይሄ ነው ቆራጥ ወጣት!» ተባለልኝ። ወረቀቱን አምጥተው ፈርም አሉኝ። በጣት እንዳይመስላችሁ፣ በእስክሪብቶ። ሽብሩ ብዬ ጻፍኩ፣ ሳልሳሳት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ፊርማዬ ነው። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። እናቴ ወተቱን ምድጃ ላይ ጥዳ ነበር። ካርዱን ወሰዱት፣ እሷንም ወሰዷት። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ የሚያወርደው ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ዐሥራ አንድ ቀን ቀበሌ አሰሯት። ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፣ የተቀቀለ በቆሎ። ስትፈታ ካርዱ ታግዷል። የእትዬ ዘነቡ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም። ቤት ገብታ ነጠላዋን አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ነህ የፈረምከው?»

«አዎ።»

«በጣትህ ነው በእስክሪብቶ?»

«በእስክሪብቶ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ብትመታኝ በወደድኩ።

አዴ ጫልቱ ነገሩን ስትሰማ «ስኳሩ ይቅር፣ ለልጅቷ ነው» ብላ ያለምንም ክፍያ አመጣች። ግን ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞላ፣ እሷም መሻገር አቃታት። እኔ ልሻገር ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ጎርፉ መለሰኝ። በሁለተኛው ተሻግሬ ወተቱን በጠርሙስ ይዤ ስመለስ ጭቃው አንሸራተተኝና ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። ጠርሙሱ ተሰበረ። ወተቱ ጭቃው ላይ ፈሶ ዝናቡ ሲያጥበው ቆሜ አየሁት።

ሙሉ ወዲያው ወረደች። መርፌው አልቀረባትም፤ ድሬሰሩ እንዳለው ግን ባዶ ሆድ ላይ ነበር። ጉንጯ ጎደጎደ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እናቴ ጆንያ ልታደርስ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀና በይ ብዬ የሽምብራ ሾርባ በማንኪያ ልሰጣት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሽብሬ፣ ጠዋት ጠዋት ኩባያዬን ስታይ አይህ ነበር።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ? አካፍልህ ነበር እኮ።»

ለመቆጣት አልነበረም የጠየቀችኝ። እውነት ገርሟት ነው። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ጳጉሜን አልወጣችም።

ታምራት ለቀብር መጣ። አጠገቤ ቆሞ አፈር አለበሰ።

ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ጊዜው ነው፣ መንግሥቱ ነው ይላሉ። እኔ ይሄን አልቀበልም። ጊዜው ክፉ ነበር፣ እሺ። ያንን ቃል ያወጣው ግን የእኔ አፍ ነው። ደግሞም ያን ቀን ራሴን መረመርኩ ተብሎ ተጨበጨበልኝ እንጂ ራሴን አልመረመርኩም። መርምሬ ቢሆን ኖሮ የማገኘው አንድ ነገር ነበር፤ ወተቱ አምሮኛል፣ በታመመች እኅቴ ቀንቻለሁ። ይሄን ብቻ ብናገር ማንም አይታሰርም፣ ማንም አይሞትም። ሙሉን ብጠይቃት ደግሞ አንድ ጉንጭ ትሰጠኝና እዚያው ያልቅ ነበር። ይሄን ለማግኘት ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። አግኝቼውም የምሰጠው ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት ይሄን እያሰብኩ የደብተሩን ሌላ ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ቤዛ «ዛሬ ራሴን ሳየው» በሚለው ስር በእርሳስ አንድ መስመር ጽፋለች። «ዛሬ በትንሹ ወንድሜ ቀናሁ። እማዬ እሱን የበለጠ የምትወደው ይመስለኛል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ያልቻልኩትን ይቺ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፋዋለች። ደስ ሊለኝ ነበር።

ልብሷን ቀይራ መጣች። «ጨረስክ አባባ? ፈርመሃል?»

«ይሄን ማን ነው የሚያየው?»

«ሰኞ ክፍል ውስጥ ቆመን እናነበዋለን። ከዛ ይጨበጨብልናል።»

«ይሄንንም?»

«ሁሉንም ነዋ።»

«ይቅርብሽ፣ ይሄን አታንብቢ።»

«ለምን? ምን አለው?»

ምን አለው። አስተማሪዋ ደህና ሴት ናት፣ አይቻታለሁ። ሰኞ ጠዋት ቤታችንን የሚያንኳኳ ጥበቃ የለም። ለቤዛ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ሙሉ የምትባል እኅት እንደነበረችኝ እንኳ እንደማታውቅ ያኔ ትዝ አለኝ። ከየት ልጀምረው? ከስኳሩ? ከኩባያው? እሷ እስክሪብቶውን ይዛ ቆማለች፣ ጓደኞቿ ታች እየጠሯት ነው።

«አባባ፣ ቶሎ በልልኝ በናትህ።»

ተቀበልኳትና ፈረምኩ። ሽብሩ። እንደዚያ ቅዳሜ፣ በእስክሪብቶ፣ ሳልሳሳት።