የዕፀገነት ኮሌታ

ዕፀገነት ኮሌታ ትሰፋለች። ሸሚዝ አላልኩም፣ ኮሌታ ነው ያልኩት። ለማሾፍ እንዳይመስላችሁ። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ እንዳንገበገበኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ሐጂ ኢብራሂም አሉ። ሐረር ውስጥ ስንቱን ሙሽራ እንዳለበሱ እሳቸውም አያስታውሱትም። ጎናቸው ልጃቸው ይሰፋበት የነበረ ሌላ የእግር ስፌት መኪና አለ። ልጁ ጅቡቲ ሄዶ እዚያው ሲቀር በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ሐጂ መኪናውን ለሰው አያከራዩም፣ አይሸጡትምም። ለዕፀገነት ነው ያሰቡት። እሷ ደግሞ አልቀመጥም አለች።

ልጅቷ የጎረቤቴ የገላነሽ ናት፣ ሸዋ በር ሰፈር ነው ያደገችው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ድሬዳዋ አንድ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ፋብሪካው ለአሜሪካ የሚላክ የወንድ ሸሚዝ ይሠራል። እዚያ ቤት ሙሉ ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ። ለዕፀገነት ኮሌታ ደረሳት። አጠገቧ የምትቀመጠው ባርኮት የምትባል የሐረር ልጅ ደግሞ እጅጌ ትገጥም ነበር። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው እንደ እህትማማች ኖሩ።

ለበዓል ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ ኮሌታ ነው። የኮሌታው ጫፍ ላይ ስትደርስ ስፌቱን ወደ ኋላ መልሳ፣ በጎን በኩል አንድ ጊዜ በትርፍ ታስረዋለች፣ እንዳይተረተር። ሱፐርቫይዘሩ «ጊዜ ታባክኛለሽ» እያለ ይጮህባታል። እጇ ስለለመደ አልተወችም። «እትዬ ዘነበች፣ አሜሪካኖቹ ኮሌታዬን ወደውታል እኮ!» ትለኛለች፣ አንዱ ስልክ ደውሎ ያመሰገናት ይመስል። እስቅባታለሁ፣ ግን ደስ ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሰሜን ላይ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካም መንግሥትን ልቅጣ ብላ የኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን፣ አጎአ የሚሉትን ዕድል ዘጋች። ሰው እያለቀ ዝም ይበሉ አልልም። ያን ጊዜ ዜና በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ። ግን እስቲ ልጠይቅ፣ ጦርነቱን ካዘዙት ሰዎች ውስጥ ኮሌታ ሰፍቶ የሚያድር ማን ነው? ቅጣቱ ከዋሽንግተን ተነሣ፣ አዲስ አበባ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች አንዳቸውንም ሳይነካ አለፈ፣ ድሬዳዋ ወረደና ዕፀገነትን አገኛት። ገዢዎቹ ትእዛዝ አቆሙ፣ ልጆቹ ተበተኑ። ሲያሰናብቷቸው ሱፐርቫይዘሩ «መታወቂያችሁን አትጣሉ፣ በሩ ሲከፈት እንጠራችኋለን» አላቸው።

ዕፀገነት ይቺን ቃል ይዛ ነው ሐረር የገባችው። መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው።

ሐጂ ኢብራሂም ነገሩን ሲሰሙ ጠሯት። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ተቀመጪ። የልጅ ሸሚዝ ስፊልኝ» ብለው የተቆረጠ ጨርቅ ሰጧት። ከኮሌታው ጀመረች። አቤት ኮሌታ! ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አድርገው አዩት። «ማሻአላህ!» አሉ። ከዚያ እጇ ቆመ። ጨርቁን አገላበጠችው፣ አስቀመጠችው።

«እጅጌውስ?» አሏት።

«እጅጌ የባርኮት ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሳቁ። «ታዲያ ባርኮትን እንጠብቅ? እኔ አሳይሻለሁ። ዓመት ሳይሞላሽ ቀሚሱንም ሱሪውንም ትሰፊያለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

«አይ ሐጂ፣ አላስቸግርዎትም። ለጥር ሊጠሩን ይችላሉ።»

አልተጠሩም። አሜሪካ በየዓመቱ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብላ ትወስናለች። ዕፀገነት ታኅሣሥ ሲደርስ ምግብ አይበላላትም፣ ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች ትውላለች። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመ ጊዜ እኔም ጭምር እልል ብያለሁ። ገላነሽማ የልጇን ሻንጣ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ታኅሣሥ መጣ፣ በሩ አልተከፈተም። ሌላም ታኅሣሥ መጣና ሄደ። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ።

ለምን አይከፈትም? ሸዋ በር ታክሲ ተራ ብትሄዱ የሚነግራችሁ አታጡም። አንዱ ከቻይናና ከራሺያ ጋር ስለገጠምን ነው ይላል። ሌላው የለም፣ ነገሩ የቀይ ባሕር ነው፣ የወደብ ነው፣ የዐረቦቹ ነዳጅ ነው ብሎ ይሟገታል። ይዋሻሉ አልልም። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ተመታ በተባለ ማግስት የክሬ ዋጋ ሲሰቀል አይቻለሁ። ነዳጅ ሲጠፋ ከድሬ የሚመጣው ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ይውላል፣ እኔም ዚፕ የለኝም እያልኩ ደንበኛ እመልሳለሁ። ዓለም ላይ የተጣላ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሱቄ ይገባል። የሚያበግነኝ ይሄ ሁሉ ተንታኝ ስለ መርከቡ ሲያወራ ውሎ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ነው።

ባርኮት መጠበቅ ታከታትና ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር። አሁን ስልኳ አይሠራም።

ዕፀገነት ግን ሱቄ ደጃፍ በርጩማ አውጥታ የነተበ ኮሌታ መገልበጥ ጀመረች። የለበሰው ሰው አንገት የፈተገውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ያልተነካውን ወደ ውጭ ታዞረዋለች። ለስፌቱ የሐጂን መኪና ትገልጣለች፣ ኮሌታዋን ሰፍታ ስትጨርስ መልሳ ትሸፍነዋለች። ሰው እጅጌ ጠባብ ነው፣ ኪስ ተቀደደ ብሎ ሲመጣ «እሱን ሐጂ ጋ» ብላ ትመልሳለች። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«አንቺ ልጅ፣ በሩ ባይከፈትስ?»

«ይከፈታል።»

«እሺ ይከፈት! እጅጌ መማር በሩን ይዘጋዋል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ ዘነበች፣ እጅጌ ከተማርኩ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አላነሣሁባትም። ንዴቴን ግን ዋጥ አድርጌ ነው።

ሰሞኑን ሪድዋን መጣ። ሪድዋን ሸዋ በር ሰልባጅ የሚቸረችር፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። የታሸገውን የልብስ ቦንዳ ሲፈታ ኮሌታቸው የነተቡትን ሸሚዞች ለይቶ ለዕፀገነት ያመጣል፣ እሷ ትገለብጥለታለች፣ እሱ እንደ አዲስ ይሸጣቸዋል። ያን ቀንም አንድ ክምር ጣለላትና ተቀመጠ። እሷ አንድ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ አንሥታ በምላጭ ትተረትር ጀመር። ጫፉ ላይ ስትደርስ ኮሌታው እንቢ አለ። ምላጩን አስጠጋች፣ አልለቀቅ አለ። ድንገት እጇን ሰበሰበች። ሸሚዙን ወደ ብርሃን ወሰደችው፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አነበበችው፣ መልሳ ጫፉን ዳበሰችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

ሪድዋን ከመቀመጫው ዘለለ። «አቦ! የምን ያንቺ? ወላሂ ቦንዳውን ዛሬ ጠዋት ነው የፈታሁት!»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ እያልኩህ ነው። እየው፣ በጎን በኩል የታሰረችውን እያት። ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚያስር አልነበረም። ከየት ነው የመጣው?»

«ከአሜሪካ ነዋ። በበርበራ ወደብ ነው የሚገባው፣ በጅግጅጋ አድርጎ ይመጣል።»

«ጉምሩክስ?»

ሪድዋን ወደ እኔ አየና ሳቀ። «እህቴ፣ ሰልባጅ መቼ ጉምሩክ ያውቃል?»

እኔ ደሜ ፈላ። አስቡት እንግዲህ! ድሬዳዋ የተሰፋ ሸሚዝ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገባ። አንዱ እዚያ ለበሰው፣ አንገቱ ሲነትብበት ጣለው። ሸሚዙ ተመልሶ ባሕሩን ተሻገረ፣ አሁንም ያለ ቀረጥ ሐረር ገባ። የቀይ ባሕሩ ጠብም፣ ማዕቀቡም፣ ኬላውም አላቆመው። የሰፋችው ልጅ ብቻ በር እስኪከፈትላት ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታረጃለች። ይሄን ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሮ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ጀመር።

ዕፀገነት አልሰማችኝም። «ሽጥልኝ» አለችው ሪድዋንን። እሱም ሰው መሆኑን ረስቶ ነጋዴ ሆነ፣ «ይሄኮ የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ ትንሽ ይወደዳል» ብሎ ጀመራት። የክር ጥቅልል ወረወርኩበት። ጎንበስ ባይል ኖሮ ግንባሩን ነበር የማገኘው። ቀነሰላት፣ ግን ከፈለች። የሰፋችውን ሸሚዝ በገንዘቧ ገዛችው።

አሁን ኮሌታውን ትጨርሰዋለች ብዬ ስጠብቅ ሸሚዙን ወደ ውስጥ ገለበጠችው። እጅጌው ከትከሻው የተጋጠመበትን ስፌት በጣቷ ተከተለች፣ ዞራ እዚያው ደረሰች፣ እንደገና ዞረች።

«ይሄ ደግሞ የባርኮት ነው፣ ከእኔ እጅ ወደ እሷ ነበር የሚያልፈው» አለች። «ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አይቼላት አላውቅም። ዞር ካልን ይቆጡን ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ መንገዱን ተሻገረች። የመኪናውን ጨርቅ ገልጣ፣ አጣጥፋ፣ ለሐጂ ሰጠቻቸው። ሐጂ ጨርቁን ይዘው ግራ ተጋቡ።

«ምነው ልጄ? ኮሌታው አላለቀም?»

«ኮሌታውን ይተዉት፣ ሐጂ። ቀስ ብለን እጅጌውን እንፍታው። እንዴት እንደገጠመችው ያሳዩኝ።»

ሐጂ የጀመሩትን ቀሚስ ወደ ጎን አድርገው ወንበራቸውን አስጠጉላት። ምላጩን ተቀበሏትና የመጀመሪያዋን ክር ነቀሉ።

ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጅጌ ከተማርኩ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ ባንኮኒው ሥር ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩና አለቀስኩ።