የፉርኖ ረሃብ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነበርኩ። ባለቤቴ የምትኖረው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ተወርዶ፣ የታመመች እናቷ ዘንድ ነበር። ጥላት መምጣት ስለማትችል በወር አንዴ እኔው ወርጄ አያታለሁ።

ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ቁጭ ብሎ አይበላም። ትኩሱን ፉርኖ እየቆረስኩ፣ ስኳር በበዛበት ሻይ እያራስኩ እውጣለሁ። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይርበኛል፤ እንደገና እቆርሳለሁ። ስወፍር ጓደኞቼ «አብዮቱ ተስማማህ!» እያሉ ይስቁብኛል። ባለቤቴም ደስ ይላታል፤ እኛ አገር ባል ሲወፍር የሚመሰገነው የሚስት እጅ ነው። በሶና የባቄላ ቆሎ በስልቻ ሞልታ ትሸኘኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከተሜ ሆኛለሁና ሰው ፊት በሶ መበጥበጥ አፍሬ ለዳቦ ቤቱ ዘበኛ እሰጠዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ከእሷ ዘንድ ስመለስ ዳገቱ መሃል ትንፋሼ አጥሮ ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። ከአልዩ አምባ የሚመጣ ነጋዴ በቅሎው ላይ ቢያወጣኝ በቅሎዋ ተንገዳገደች።

«ወላሂ ጌታው፣ ጨው ብጭናት ይሻላት ነበር!» አለኝ።

አብረን ሳቅን፤ እኔ ግን ደንግጫለሁ። ከዚያ ወዲያ መውረድ ፈራሁ፤ ብወርድ መልሶ መውጣት የለማ! አራት ወር አለፈ። «ሌላ አገባህ ወይ?» ብላ በሰው ላከችብኝ።

ይሄኔ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር የምበላውን ጠይቆኝ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ሆድ ወደ ጭንቅላት የሚልካቸው መልእክተኞች አሉ፤ ሆርሞን ይባላሉ። አንዱ ‹በቃኝ›፣ ሌላው ‹ራበኝ› ይላል። ፉርኖና ስኳር ቶሎ ስለሚያልቅ ‹ራበኝ› ባዩ ወዲያው ይመጣል። ገብስና ባቄላ ግን ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ‹በቃኝ› ባዩም አብሮት ይቆያል።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«በሶ አታውቅም እንዴ?»

አፈርኩ። ዘበኛውን የሰጠሁህን መልስ አልለው ነገር! ከገበያ ገዛሁ። ጠዋት በሶ፣ ቀን የባቄላ ንፍሮ፣ ሻዩ ያለ ስኳር። መጀመሪያ ላይ የዳቦው ሽታ ሊገድለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጄ ወደ ፉርኖው መሄዱን ተወ። ሱሪዬን በገመድ ማሰር ጀመርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ወረድኩ። ባለቤቴ በር ላይ አይታኝ ጮኸች።

«ውይ በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሳህ? ሰው ምን ይለኛል?»

ዶሮ ሠርታ አቀረበች። አንድ አጎረሰችኝ፣ ሁለት አጎረሰችኝ። ሦስተኛውን ስትዘረጋ እጇን ያዝኩት።

«በቃኝ።»

«በሞቴ!»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

እጇ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ጉርሻውን ራሷ በላችው። ድሬሰሩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። «ይሁን» አለችና ገበታውን አነሣች።

በማግስቱ ዳገቱን አንዴም ሳልቀመጥ ወጣሁት። ከዚያ በኋላ በየወሩ እየወረድኩ፣ እስክትሞትብኝ ድረስ አየኋት። የዚያን ቀኑን አንስታብኝ አታውቅም፤ ሦስተኛ ጉርሻ ግን ዳግመኛ አልዘረጋችልኝም።

ዛሬ ልጆቼ «ብላ አባባ» ይሉኛል። ጠግቤያለሁ እላለሁ፣ አልዋሸሁም። ብቻዬን ስቀመጥ ግን ያ እጅ ይመጣብኛል። ያቺን አንዲት ጉርሻ ብውጣትስ? ዳገቱን እንደሆነ እወጣው ነበር።