ቀዮ ወፍ ነበር

ዛሬ አዳማ፣ ግቢዬ ውስጥ ጎረቤቴ አልማዝ በረጅሙ ሌንሴ እያየች "ጋሼ፣ ይሄ ደረቱ ቀይ የሆነው ወፍ ስሙ ማነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። ውሸቴን ነው።

በደርግ ጊዜ መልካሳ፣ ማሽላ ውስጥ ተደብቄ በዚሁ ሌንስ ወፍ ፎቶ አነሳ ነበር። ያን ቀይ ወፍ ቀዮ አልኩት። ደብተሬ ላይም "ቀዮ ዛሬም መጣ፤ አራት ሆነዋል" ብዬ ጻፍኩ።

አብዮት ጥበቃዎች ሌንሱንም፣ ደብተሩንም፣ እኔንም ይዘው ሄዱ።

"ቀዮ ማነው?"

"ወፍ ነው፣ ጓድ።"

ሳቁ። ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። የግርፋቱ ስም ራሱ "ወፌ ላላ" ነው፤ ቀልድ አይቸግራቸውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ በቅላቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ቀዮ የሚለውን ጎረቤቴን ሰጠኋቸው። ቤቱንም አሳየሁ።

እኔን ፈቱኝ። ሌንሴንም መለሱልኝ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

እሱ አልተመለሰም። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። አልማዝ ያኔ በሆዷ የነበረችው ልጅ ናት።

እናንተስ፣ ያኔ የማንን ስም ሰጣችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉ።

አልማዝም እዚህ ፌስቡክ ላይ ጓደኛዬ ናት፤ ታነበዋለች።