ይቺ እኔ ናት

ስልክሽን ወደ እኔ አዙረሽ ያቺን ሥዕል ስታሳዪኝ፣ ከሥዕሉ ይልቅ አውራ ጣቴን ነበር ያየሁት። ሰማያዊ እስክሪብቶ የነካው መስሎኝ። "ማንጋ ነው፣ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ የድሮ ንጉሥና የሚስቶቹ ታሪክ" አልሽኝ። አንዲት ልጅ እግር ንግሥት አንገቷን ደፍታ ከሌሎቹ ኋላ ተቀምጣለች። "ይቺ ክፉ ናት?" ብዬ ብጠይቅሽ፣ "ገና ነው፣ እየቆየች ትለወጣለች" ብለሽ ገጹን ገፋሽው። እኔ ግን እዚያው ገጽ ላይ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ እኛም ነበረን፤ ጂንካ ውስጥ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ ከጎፋ መጥቶ ገበያው ዳር የስፌት መኪናውን የዘረጋ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ እጇ ሥዕል ያውቅ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሥላለች። ሰማያዊው ለልብስና ለጸጉር፣ ቀዩ ለከንፈርና ለደም። ዘመኑ አብዮት ፈንድቶ የንጉሥ ወሬ የማይወደድበት ስለነበር ሽፋኑ ላይ "ሂሳብ" ብለን ጻፍንበት። አንድ ቀን አስተማሪያችን አነሳውና ሽፋኑን ብቻ አይቶ፣ "ጎበዞች፣ በርቱ" ብሎ መለሰልን። የሂሳብ ውጤቴን እንዳትጠይቂኝ።

ቤተ መንግሥቱን ከየት እንዳመጣሁት ጓደኛዬ አላወቀችም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ማዶ ያለው የእኛ ግቢ ነበር። ሁለት ቤት ነበረን፤ አንዱ የእናቴ፣ ሌላው የትንሿ ሚስት፣ አባቴ ከገዘር በላይ ካለ መንደር ያመጣት። አባቴ ከአልዱባ ገበያ ፍየልና ማር እያመጣ ይነግድ ነበር። ማታ ሲገባ ጥቁር ጃንጥላውን ከሚያድርበት ቤት ደጃፍ ላይ ይሰቅላል። ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት እንኳ በመጀመሪያ ጃንጥላውን አይቶ ነው የሚያንኳኳው። በዚያ የዝናብ ወራት ጃንጥላው ከትንሿ ሚስት ደጃፍ አልወረደም።

እናቴ ግን ማታ ማታ ለአባቴ የእግር ውሃ ታሞቃለች። ጠዋት የቀዘቀዘውን ወስዳ ከጎመኑ ሥር ትደፋዋለች። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ የውሃ ድምፅ ነበር። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። "ጎመኑ ይጠጣው" ትላለች፣ በቃ። ያን ዓመት ጎመናችን ሰፈሩን ሁሉ ያስቀና ነበር።

እኔ ነኝ ያማረርኩላት፣ በደብተሩ። ሁለቱን ሚስቶች ሰባት ንግሥቶች አደረግኋቸው፣ ጃንጥላውን ደግሞ የወርቅ። ውሃ የምትደፋዋ ንግሥት የክፍላችን ሴቶች ሁሉ ወዳጅ ሆነች፤ ደብተሩን ለማንበብ በእረፍት ሰዓት ወረፋ ይያዝ ነበር። ትንሿን ንግሥት ግን ቀስ እያልኩ አከፋኋት። በመጀመሪያ ዋሸች፣ ቀጥላ ሰረቀች፣ በመጨረሻ መርዝ በጠበጠች። ጓደኛዬ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ነክሳ፣ "ፊቷ ግን ክፉ አልሆን አለኝ" አለችኝ። "ቅንድቧን አወፍሪው" አልኳት።

እውነተኛዋ ትንሿ ሚስት ከእኔ በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ጥርሷ ትንሽ ፍንጭት፣ ሳቋ ቅርብ። እኛ ቤት የአካባቢው ቋንቋ አሪኛም አማርኛም ይነገራል። እሷ አማርኛን የጀመረችው ከሰዓት በኋላ በምትሄድበት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነበር። በአሪኛ ስታናግረኝ፣ የማይገባትን ቃል እየመረጥኩ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ክፋቱንስ የማውቅበት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አባቴ ጌታን ተቀበለ። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር ምእመናኑ በየሰው ቤት ነበር የሚሰበሰቡት። ሽማግሌዎቹ ከመጠመቁ በፊት አንድ ነገር ጠየቁት፤ አንዲት ሚስት ብቻ እንዲያስቀር። የትኛዋ እንደምትቀር ለእሱ ትተውለት፣ እሁድ መጥተው ሊሰሙት ተቀጣጠሩ። እናቴ የወለደችለት እኔን ብቻ ነው፣ ያውም ሴት። ጃንጥላው የት እንደሚሰቀል ደግሞ አገር ያውቃል። ያን ሳምንት እናቴ ሳጥኗን ስትከፍትና ስትዘጋ እሰማት ነበር። "የት ነው የምንሄደው?" ስላት፣ "ሆድ ይፍጀው ልጄ" አለችኝ። ፈራሁ። ትምህርት ቤቱም፣ ጓደኛዬም፣ ያቺ ክፍሌም ከእጄ ሊወጡ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻውን ክፍል ጨረስን። ንጉሡ ትንሿን ንግሥት ከቅጥሩ አስወጥቶ አባረራት። በሥዕሉ በጣም ከመደሰቴ የተነሳ ደብተሩን አጥሩ ላይ ረሳሁት፤ ዝናብ ወረደበት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሿ ሚስት ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጠች ታደርቃለች። ቤቱ የእርጥብ ወረቀትና የጭስ ሽታ ይሸታል። ጣቷ ከፊደሉ ሥር ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይከተለዋል። "መ... ር... ዝ" ስትል ሰማኋት። ማንበብ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቀና ብላ አየችኝና ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች።

"ይቺ እኔ ናት?"

የተያዘ ሌባ ምን ያደርጋል? ሰዋስው ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። "'እኔ ነኝ' ነው የሚባለው" አልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ምን እንዳስባልኳት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። መርዝ በጥባጯ እኔ ነኝ አስብያት ነበር።

አልተቆጣችም። ወደ ኋላ ገለጠችና ውሃ የምትደፋዋን ንግሥት አወጣች። "ይቺስ እናትሽ ናት?" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት ይሰማኛል፣ የውሃው ድምፅ" አለች። "ለጎመን መስሎኝ።" ብዙ ቆየች፣ ያንን ገጽ እያየች። ከዚያ የመጨረሻው ላይ ደረሰችና፣ "ንጉሡ ሲያባርራት፣ የት ሄደች?" አለችኝ።

"ሉኩ አለቀ" አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ ከሥዕሉ ሥር ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። እሷም ባዶውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

ያን ዕለት ማታ አባቴ በር ላይ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ፣ ትንሿ ሚስት ጃንጥላውን ከራሷ ደጃፍ አውርዳ እኛ ደጃፍ ላይ ስትሰቅለው በመስኮት አየኋት። አባቴ መጣና ጃንጥላውን አየ። ወደዚያኛው ቤት ዞሮ ተመለከተ፤ በሩ ተዘግቷል። ጥቂት ቆሞ ወደ እኛ ገባ። እናቴ ውሃውን አቀረበችለት። በማግስቱ ጠዋት ጎመኑ ውሃ አላገኘም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። አባቴን ጠየቁት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መሬቱን በጃንጥላው ጫፍ ጫረ። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ ቆልፋ ነበር። ያኔ ትንሿ ሚስት ከኋላ ተነሳች።

"የምትሄደው እኔ ናት" አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ "'እኔ ነኝ' በይ፣ ልጄ" አሏት።

"አውቃለሁ፣ አባባ" አለች። ከመቀመጧ በፊት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈልጋ አየችኝ።

ሰኞ ጠዋት ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ የገዘርን ዳገት ጀመረች። እናቴ እስከ በሩ ሸኝታት ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ትንሿ ሚስት ከመውጣቷ በፊት በአሪኛ ተሰናበተችኝ፣ ረጅም፣ ለስላሳ ስንብት። አንድም ቃል አላመለጠኝም። እኔም "ደህና ሁኚ" አልኳት፣ በአማርኛ። አፌ ለምዶ ነው እንጂ ያን ጊዜስ ክፋት አልነበረብኝም። ግን ይህን ማን ይነግራታል? ሮጬ መድረስ እችል ነበር። አልሮጥኩም።

ደብተሩን የገለጥኩት ከቀናት በኋላ ነው። ገጾቹ ደርቀው ተኮራምተዋል። በመጨረሻው ባዶ ግማሽ ገጽ ላይ በእርሳስ፣ ትልልቅ ጠማማ ፊደል ተጽፎ ነበር፦ "ገዘር ሄደች። ደህና ናት።"

ጓደኛዬ፣ "ማን ነው የጨረሰልን?" አለችኝ። ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ንጉሥም ንግሥትም አልሣልንም። ለዓመታት፣ ከገዘር ለገበያ የሚወርዱትን ሁሉ በአሪኛ እጠይቅ ነበር። አንዷ አግብታለች ትላለች፣ ሌላዋ አላውቃትም ትላለች። እንደገና አላየኋትም።

እና ያቺን ልጅ እግር ንግሥት አሳይተሽ ትለወጣለች ስትይኝ እዚያው ገጽ ላይ የቀረሁት ለዚህ ነው። የእኛዋ መለወጥ አላስፈለጋትም፤ ከመጀመሪያውም ፊቷ ክፉ አልሆን ብሎ ነበር። የዚያ ታሪክ ክፉ እኔ ናት። አታርሚኝ።