የእግር ልብስ

ሲመጡብኝ ሻይ ጥጄ ነበር። በስደት በምንኖርበት ዱርንፎንቴን ሰፈር ባለችው ክፍላችን፣ ከማለዳው አስራ ሁለት ሰዓት፣ በአበባማ ፒጃማዬ። ስለ መኖሪያ ወረቀታችን በወጣነው ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ ተናግሬ ነበርና ፖሊሶቹ ስሜን ያውቁታል። "ቀሚስ ልልበስ" ብል አልሰሙኝም።

የጣቢያው ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል። ቀጭን ፍራሽ ላይ አንዲት ጠና ያለች ኢራናዊት ተቀምጣለች። እኔም እጆቼን ጭኔ ላይ ጭኜ አጠገቧ ኩርምት አልኩ። ያደግኩት ሆሳዕና፣ ከጴንጤ ቤት ነው፤ እናቴ ሱሪ የለበሰች ሴት ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

በማግስቱ ከሰዓት መርማሪው ባለቤቴ ያመጣልኝን ቀሚስ በፌስታል አንጠልጥሎ ከፍርግርጉ ማዶ ቆመ።

"ሲስ፣ ሰልፉን እነማን እንዳዘጋጁት ጻፊና ውሰጂው። ነገ ፍርድ ቤት የቸርችሽ ሰዎች ይመጣሉ አሉ።"

ማፈሬን በምን እንዳወቀ እንጃ። ያዘጋጀነው ሰባት ሴቶች ነን፤ ስድስቱ ገና አልተያዙም፣ ቮስሎሩስ ሰፈር ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። አልዋሽም፣ እጄ ወደዘረጋልኝ እስክሪብቶ ሄዶ ነበር።

"ጠዋት እነግርሃለሁ" አልኩት።

እሱ ሲሄድ ኢራናዊቷ በእንግሊዝኛ፣ "የለበስሽውን ምን ትይዋለሽ?" አለችኝ።

"ፒጃማ።"

"የኛ ቃል እኮ ነው። ፓይ እግር፣ ጃሜ ልብስ። የእግር ልብስ፣ በቃ። ድሮ ወንዱም ሴቱም በቀን ይወጣበት ነበር። እንግሊዞች ህንድ አገር አገኙትና የመኝታ አደረጉት።"

"ይህን ለእናቴ ንገሪያት።"

"እናትሽ ናት ያሰረችሽ?"

ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቅኩ።

ሻርፗን አገለደመችኝ። ፒጃማውን በውሃ ረጨት ረጨት አድርገን፣ እንደተተኮሰ ሱሪ መስመሩን በጥፍራችን አውጥተን፣ ፍራሹ ስር ዘርግተን ሁለታችንም ተቀመጥንበት።

ጠዋት መርማሪው ፌስታሉን ይዞ መጣ። "እህስ?"

"ለባለቤቴ መልስለት። እኔ ለብሻለሁ።"

ፍርድ ቤት ስገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። አበባውን አዩ፣ የተተኮሰውን መስመር አዩ። ከዚያ ለትልቅ ሰው እንደሚነሳው ብድግ አሉ። ከኋላቸው ስድስቱ ሴቶች ተነሱ።

በሳምንቱ ተፈታሁ። ኢራናዊቷን ወዴት እንደወሰዷት ግን እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ልጄ፣ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ይሄን ነገር ጣዪው" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ አበባው ለቋል። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሰዋለሁ፣ መስመሩን አውጥቼ።